የተጎታች መብራት ሽቦ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

መኪና ላይ መጎተቻ ስለማስገጠም በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ መብራቱ ናቸው። ብረቱን በቡሎን ማሰር ይቀላል፤ ሰው የሚቸገረው ሽቦው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ መጎተቻ አስገጥሜ ባለ 7 ፒን ሶኬት ተሠራልኝ። የግራውን ፍሬቻ ሳበራ የተጎታቹ መብራቶች በሙሉ አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ማታ ፍሬን ስረግጥ ደግሞ የተጎታቹ ቀይ መብራት (ከመኪናው መብራት ጋር የሚበራው የኋላ መብራት) ይጠፋል። አምፖሎቹን ሁሉ ቀይሬአለሁ፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ አምፖሎቹ ጥፋት የለባቸውም። የተቋረጠው ማሳው (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ነው፤ ማለትም 3ኛው ፒን ላይ የሚታሰረው ነጭ ሽቦ። የተጎታቹ አምፖሎች ሁሉ ወደ ባትሪው የሚመለሱት በዚያ በአንዱ ሽቦ ነው። እሱ ሲቋረጥ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። በግራው ፍሬቻ የገባው በቀዩ መብራት አምፖል በኩል ወደ ኋላ ይሄድና በ5ኛውና በ7ኛው ፒን መኪናው ውስጥ ገብቶ በመኪናው የኋላ አምፖሎች በኩል ማሳ ያገኛል። በመንገዱ ያገኘውን አምፖል ሁሉ ደብዘዝ አድርጎ ያበራዋል፤ አብረው የሚያጨበጭቡት ለዚህ ነው። ቀዩ መብራት ሲበራ ደግሞ የሚመለሰው በፍሬን መብራት መስመር ነው። ፍሬን ሲረግጡ በዚያም መስመር 12 ቮልት ይመጣል። በሁለቱም ጫፍ እኩል ቮልት ካለ የሚፈስ ነገር ስለሌለ መብራቱ ይጠፋል።

የት እንደተቋረጠ ለማወቅ ተጎታቹን አገናኝተው መብራቱን፣ ፍሬኑንና አራቱንም ፍሬቻ በአንድ ጊዜ ያብሩ። መልቲሜትሩን ቀጥታ ቮልት ላይ አድርገው ጥቁሩን መንኪያ በረዥም ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ያገናኙ። በቀዩ መንኪያ መጀመሪያ የተጎታቹን አምፖል ማሳ ይንኩ፤ ከዚያ ስፒናው (የተጎታቹ መሰኪያ) ውስጥ ያለውን ነጭ ሽቦ፣ ቀጥሎ የመኪናውን ሶኬት ጀርባ፣ በመጨረሻ ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበትን ቡሎን። ጤነኛ ማሳ ከ0.2 ቮልት ብዙም አይበልጥም። ከፍ ብሎ የነበረው ንባብ ድንገት የወረደበት ቦታ ካለ፣ ብልሽቱ በዚያና ከሱ በፊት በነኩት ነጥብ መካከል ነው።

በኦም ብቻ ለክቶ «ማሳው ደህና ነው» ማለት ያሳስታል። መልቲሜትር ለኦም የሚልከው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም ዜሮ ኦም ሊያሳይ ይችላል። የተጎታቹ መብራቶች ሁሉ ሲበሩ ግን ከ8 እስከ 10 አምፔር ይፈስሳል፤ አንድ ክር ያንን አይችልም። ስለዚህ መብራት እያበሩ መለካት ግድ ነው።

ቆመው ሲሞክሩ ሁሉም ደህና ሆኖ መንገድ ላይ ከጠፋም ይኸው ነጭ ሽቦ ነው። ቆሞ ሳለ ኤሌክትሪኩ በመጎተቻው ኳስ በኩል ይመለሳል። ኳሱ ግን ግሪስ የተቀባና የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ለማሳ አይታመንም።

ሲጠግኑ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በቀለበት ተርሚናል፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላና በዳዶ አጥብቀው ይሰሩና ከላይ ዝገት መከላከያ ይቀቡ። ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ቡሎን ማጥበቅ ብቻውን ማሳ አይሆንም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ አዲስ ነው። ባለሙያው የተጎታቹን ሽቦ ከመኪናው የኋላ መብራት ሽቦዎች ላይ በሚነክስ ማገናኛ ሊቀጥለው ነው። ይበጃል?

መልስ፦ አይበጅም፤ ሥራውን ያስቁሙት። በአሮጌ መኪና የመብራቱ ኤሌክትሪክ በማብሪያው በኩል በቀጥታ ይሄድ ነበር። በአሁኖቹ ግን እያንዳንዱን አምፖል የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ነው፤ ከአንድ አምፖል የሚጠብቀውን አምፔርም ያውቃል። ሌላ 21 ዋት ሲጨመርበት ወይ ዳሽቦርድ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፣ ወይ መስመሩን ይዘጋል፣ ከባሰም ኮምፒዩተሩ ራሱ ይቃጠላል። አንዳንዱ መኪና ደግሞ አንዱን አምፖል ለቀይም ለፍሬንም የሚጠቀምበት ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆራረጠ ነው። ከዚያ የተቀጠለ የተጎታች መብራት በትክክል ሊሠራ አይችልም። የሚነክሰው ማገናኛም የሽቦውን ክሮች ይቆርጣል፣ እርጥበት ያስገባል፣ ከጊዜ በኋላም ይዝጋል።

የሚያስፈልግዎ የተጎታች ሞጁል ነው። ከመኪናው መብራቶች የሚወስደው ምልክት ብቻ ነው፤ ለተጎታቹ የሚሆነውን ኃይል በራሱ መስመር ከባትሪው ያመጣል። ለመኪናዎ ሞዴል የተዘጋጀ ከነሶኬቱ ከተገኘ በነባሮቹ ሶኬቶች መካከል ስለሚሰካ ሽቦ መቁረጥ አይኖርም፤ ዋጋው ቢበልጥም የምንመክረው እሱን ነው።

ሁለገቡን ሞጁል ከመረጡ፣ ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ ጥቂት ደቂቃ በመጠበቅ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይዘረጋል። ባለ 15 አምፔር ፊውዝ የሚገባው እዚያው ባትሪው አጠገብ እንጂ ኋላ ሞጁሉ ጋ አይደለም፤ ሽቦው መሃል መንገድ ላይ ተልጦ ኮንታክት ቢፈጥር ከፊውዙ በፊት ያለውን ክፍል የሚያድነው የለም። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል የሚገባው በነባሩ ጎማ ቀዳዳ ነው፤ በባዶ ብረት ጠርዝ ከሄደ ይቆረጣል። በበሩ ሥር ሲያልፍ ቢጫ ማገናኛ ካላቸው የኤርባግ ሽቦዎች ይራቅ። የግራና የቀኝ ፍሬቻን፣ የፍሬንን፣ የቀዩንና የጭጋግ መብራትን ምልክት ሲያገናኙ ሶልደር አድርገው ወይም በጥሩ ተርሚናል ጨምቀው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያልብሱት። ናስትሮ ብቻውን ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል። ሽቦ ለመለየት አምፖል ያለበት መፈተሻ አይጠቀሙ፤ እሱም አምፔር ይስባል። መልቲሜትር ይበቃል።

ብዙ ሞጁሎች ተጎታች መኖሩን የሚያውቁት ከአምፖሉ ጭነት ነው። ባዶ ሶኬት ላይ ሲለኩ ምንም ቮልት ባያገኙ አይደንግጡ፤ እውነተኛ ተጎታች ወይም አምፖል የተገጠመለት የመፈተሻ ሰሌዳ ያገናኙ። በመጨረሻ የመኪናው ኮምፒዩተር መጎተቻ መገጠሙን በኮዲንግ (ቅንብሩን በመለወጥ) ሊነገረው ይገባል። ያለዚያ የኋላ ማርሽ ባስገቡ ቁጥር የፓርኪንግ ሴንሰሩ ተጎታቹን እንቅፋት አድርጎ ይጮኻል፤ መኪናው ተጎታች ሲወዛወዝ የሚያረጋጋ ሥርዓት ካለውም ሥራውን አይጀምርም።

ጥያቄ፦ የትኛው ቀለም የትኛው ፒን ላይ ነው የሚታሰረው? ባለ 13 ፒን ሶኬትስ ምን ይጨምራል?

መልስ፦ በአይ ኤስ ኦ 1724 (ዓለም አቀፍ ደረጃ) ባለ 7 ፒን ሶኬት 1 ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ 2 ሰማያዊ የኋላ ጭጋግ መብራት፣ 3 ነጭ ማሳ፣ 4 አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ 5 ቡናማ የቀኝ ቀይ መብራት፣ 6 ቀይ ፍሬን፣ 7 ጥቁር የግራ ቀይ መብራት ነው። ቁጥሮቹ ሶኬቱ ላይ ተጽፈዋል። ከፊትና ከኋላ ሲታዩ ግራና ቀኙ ስለሚገለባበጥ በቦታው ሳይሆን በቁጥሩ ይሥሩ።

ባለ 13ቱ (አይ ኤስ ኦ 11446) እነዚህን ሰባቱን እንዳሉ ይዞ በ8 የኋላ ማርሽ መብራትን፣ በ9 ቋሚ 12 ቮልትን፣ በ10 ሞተር ሲነሳ የሚመጣ ኃይልን ይጨምራል። 13 የ9ኙ ማሳ፣ 11 የ10ሩ ማሳ ነው። እነዚህን ማሳዎች ከ3ኛው ጋር ተጎታቹ ውስጥ አያገናኙ፤ በ9ኛውና በ10ኛው ፒን የሚሠራው ከባድ ዕቃ የሚስበው ኤሌክትሪክ በመብራቶቹ ማሳ ይመለስና መብራቱን ያደበዝዘዋል። ያገለገለ ተጎታች ከገዙ ደግሞ ቀለሙን አይመኑ፤ የቀድሞው ባለቤት ያገኘውን ሽቦ ቀጥሎ ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱን በ12 ቮልት ይፈትኑ።

ጥያቄ፦ የተጎታቹን አምፖሎች ወደ ኤልኢዲ ቀየርኩ። አሁን ፍሬቻው በጣም ይፈጥናል።

መልስ፦ የ21 ዋት አምፖል 1.75 አምፔር ይስባል፤ ኤልኢዲ ከዚያ ጥቂቱን ብቻ። መኪናው «አምፖል ተቃጥሏል» ብሎ ስለሚገምት ያፈጥነዋል። ትክክለኛው መፍትሔ ኤልኢዲን የሚቀበል ሞጁል ነው። ካልተቻለ በእያንዳንዱ ፍሬቻ ሽቦና በማሳው መካከል 6.8 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር ይግባ። በጣም ስለሚግል ብረት ላይ ይታሰር፤ ፕላስቲክና ሌላ ሽቦ አይንካው።

ጥያቄ፦ የተጎታቼ ስፒና አራት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፦ ነጭ፣ ቡናማ፣ ቢጫና አረንጓዴ። ሌሎቹ የት ሄዱ?

መልስ፦ ተጎታቹ የአሜሪካ አሠራር ነው። ነጩ ማሳ፣ ቡናማው ቀይ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን በአንድ አምፖል፣ አረንጓዴው የቀኙ ናቸው። መኪናዎ ፍሬንና ፍሬቻን ለየብቻ የሚልክ ከሆነ ሽቦዎቹን ጠምዝዞ ማገናኘት አይቻልም፤ የፍሬቻው ኤሌክትሪክ ወደ ፍሬን መስመር ይገባና ሁለቱም ጎን ያጨበጭባል። ሁለቱን ምልክቶች የሚያዋህድ መቀየሪያ ይግዙ፤ ወይም ተጎታቹን በተለየ ፍሬቻና ፍሬን እንደገና ያሠሩ።

ጥያቄ፦ ሶኬቱ በየዝናቡ ወቅት አረንጓዴ ዝገት ይይዛል።

መልስ፦ የውሃ ማስወጫው ቀዳዳ ወደ ታች፣ የክዳኑ ማጠፊያ ወደ ላይ መሆኑን ይዩ። የጀርባው ጎማ ሽቦውን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ አብዛኛው ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ፒኖቹን በኮንታክት ማጽጃና በቀጭን ብሩሽ አጽድተው ትንሽ የኤሌክትሪክ ግሪስ ይቀቡ። ከባለ 7 ወደ ባለ 13 የሚለውጥ ማያያዣ ካለዎት ተጎታቹን በፈቱ ጊዜ ይንቀሉት፤ ተሰክቶ ከቀረ ክዳኑ ስለማይዘጋ ውሃ ያስገባል።