ሚስማሩ ለምን ይላላል? የስፓይክ ጫማ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ለ800 ሜትር የምጠቀምበት ስፓይክ ጫማ ሚስማሮቹ በልምምድ መሀል እየላሉ ይወድቃሉ። የቻልኩትን ያህል ባጠብቃቸውም ያው ነው። ጥፋቱ የዲዛይኑ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ ሚስማሩ ሦስት ክፍል አለው፤ መሙን የሚነክሰው ጫፍ፣ ቁልፍ የሚይዘው ሰፋ ያለ አንገትጌ እና ወደ ሶሉ የሚገባው ብሎን። ሶሉ ውስጥ ደግሞ ብሎኑን የሚቀበል የብረት ዳዶ ተቀብሯል። የጎን ግፊቱን መሸከም ያለበት ሙሉ በሙሉ ያረፈ አንገትጌ ነው፤ የብሎኑ ሥራ እሱን ስቦ መያዝ ብቻ ነው። ዳዶው ውስጥ አሸዋ ወይም የጎማ ፍርፋሪ ካለ ግን ብሎኑ አንገትጌው ሳያርፍ ይቆማል። እጅዎ የጠበቀ ይመስለዋል፤ ሚስማሩ ግን በየእርምጃው ይነቃነቅና ይላላል፣ አንዳንዴም ከአንገቱ ይሰበራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆሻሻ ነው።

ሁሉንም ይፍቱ። የዳዶውን ጉድጓድ በስቴኪኒ ፈልፍለው ጫማውን ገልብጠው ያራግፉ፤ የብሎኑን ጥርስ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ከዚያ ሚስማሩን ያለ ቁልፍ፣ በጣት ብቻ ሁለት ሦስት ዙር ያስገቡ። እምቢ ካለ ጠሞ ገብቷልና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ፤ በቁልፍ ካስገደዱት የዳዶው ጥርስ ይበላል። አንገትጌው ሲያርፍ የዙር ስምንተኛ ያህል ጨምረው ያቁሙ። በአንገትጌውና በሶሉ መካከል ጥፍርዎ ከገባ በትክክል አልተቀመጠም። ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ደግመው ይፈትሹ። ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ መጠምዘዝ ግን አይሞከርም፤ ዳዶው ከፕላስቲኩ ተላቆ መሽከርከር ከጀመረ ለጫማው መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የዛገ ሚስማር አልፈታ አለኝ።

መልስ፦ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርገው አንድ ሌሊት ያቆዩት። ቁልፉን ቀጥ አድርገው እየተጫኑ መጀመሪያ ጥቂት ያጥብቁት፣ ቀጥሎ ይፍቱ፤ የመጀመሪያዋ ንቅናቄ ዝገቱን ትሰብራለች። ማዕዘኖቹ ተበልተው ቁልፍ ካልያዘ በፒንሳ አንገትጌውን ጨብጠው ያዙሩ። በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ብረቱ ሳይላቀቅ ሶሉ ይቀልጣል። ለወደፊቱ በዝናብ ከሮጡ ሚስማሮቹን ፈትተው ያድርቁ፣ ጥርሳቸውን በስሱ ቫዝሊን ይቀቡ። የዳዶውን ቀዳዳም ባዶ አይተዉት፤ ጫፍ በሌለው መድፈኛ ይዝጉት።

ጥያቄ፦ ረጅም ሚስማር የበለጠ ይይዛል?

መልስ፦ በጭቃና በሣር ላይ አዎ፤ በሰው ሠራሽ መም ላይ አይደለም። እዚያ ከሚያስፈልገው በላይ የገባ ሚስማር ለመውጣትም ጉልበት ይበላል። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ በሰው ሠራሽ መም ላይ ከሶሉ የሚወጣውን ርዝመት በ9 ሚሊሜትር ይገድባል፤ ለከፍታ ዝላይና ለጦር ውርወራ 12 ይፈቅዳል። በአንድ ጫማ ከ11 ሚስማር አይበልጥም። ከጫፉ ጀምሮ ቢያንስ ግማሹ 4 ሚሊሜትር ጎን ባለው አራት ማዕዘን መለኪያ ማለፍ አለበት። ስታዲየሙ ከዚህ ያነሰ ከጠየቀ የሚሠራው የስታዲየሙ ነው፤ 6 ሚሊሜትር የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። በሚስማር ቁጥር ላይ ያለው ጥብቅነት የዋዛ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው ሯጭ ጆን ካርሎስ በካሊፎርኒያው ኤኮ ሰሚት 200 ሜትርን በ19.92 ሰከንድ ሲሮጥ ጫማው በጥቃቅን ሚስማሮች የተሞላ ስለነበር ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አልጸደቀም።

ጥያቄ፦ የስፓይክ ሶል እየነደፍኩ ነው። ዳዶው እንዳይሽከረከር ምን ላድርግ?

መልስ፦ ክብ አያድርጉት። ሰፊ ከንፈር ይስጡትና ከንፈሩን ብሱት፤ ሶሉ ሲቀረጽ ፕላስቲኩ በቀዳዳዎቹ አልፎ ይቆልፈዋል። የላይኛውን ጫፍ ድፍን ያድርጉት፤ ካልሆነ የቀለጠው ፕላስቲክ ገብቶ ጥርሱን ይሞላዋል። የጉድጓዱን ጥልቀት ከብሎኑ ርዝመት ትንሽ ያስበልጡ፤ ለአንገትጌው ማረፊያ የሚሆነው ገጽም ዝርግ ይሁን። ቦታውን ሲመርጡ ከአውራ ጣት ሥር ካለው የአጥንት እብጠት ወደ ጎን ፈቀቅ ያድርጉት፤ በቀጥታ ከሥሩ ከዋለ ሯጩ በየእርምጃው የዳዶው ጉብታ ይወጋዋል፣ በተለይ ሶሉ ስስና ተጣጣፊ ከሆነ።