ፕሮሰስ በስም ማስቆም፦ ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ

መላሽ፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 አለሁ። ፖስታ ቤት አጠገብ ካለው ቢሮ ተረኛ ነኝ። በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ፕሮሰስን (እየሠራ ያለን ፕሮግራም) በስም ጠርቶ ስለማስቆም ጠይቁ፤ በይበልጥ ሊኑክስ ላይ። ትእዛዞቹን በእኛ ፊደል ነው የምጽፈው፤ እናንተ በላቲን፣ በትንንሹ ፊደል ምቷቸው። ፒኪል በስም ፈልጎ ያስቆማል፤ ፒግሬፕ ፈልጎ ያሳያል እንጂ አያስቆምም። ከሁሉ በፊት ግን፦ ፒኪል ከማለታችሁ በፊት ፒግሬፕ በሉ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እንደምለው ከአሁኑ ይታየኛል።

የአምስት ኪሎ ተማሪ፦ ጋሼ እንዴት አመሹ? የፓይተን ስክሪፕቴ ሃንግ አደረገ። ሰርቨሩን ብዙ ተማሪ ነው የሚጠቀመው። ፒኪል ፓይተን ብል ችግር አለው?

መላሽ፦ አለው እንጂ! ፒኪል ሙሉ ስም አይጠብቅም፤ ስሙ ውስጥ ያ ቃል ያለበትን ሁሉ ይይዛል። ፓይተን ስትለው ፓይተን3ም ይሄዳል። የሌላውን ሰው ለመንካት ፈቃድ ስለሌለህ የእነሱ ይተርፋል። የራስህ ግን፣ ሲያሰላ ያደረውም ጭምር፣ አብሮ ይጠፋል። ሱዶ፣ ማለትም የአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ከጨመርክ ደግሞ የሁሉም ያልቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፒግሬፕ -ኤ -ኤፍ ብለህ የስክሪፕትህን ፋይል ስም ጻፍ። -ኤፍ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የትእዛዝ መስመር ያስፈትሻል፤ -ኤ መስመሩን ያሳይሃል። የወጣውን አንብበው። አንብበው ነው ያልኩት! ፋይሉ በጽሑፍ ማረሚያው በቪም ተከፍቶ ከሆነ ቪሙም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ዝርዝሩ ልክ ከሆነ ፒግሬፕን ወደ ፒኪል ቀይር፣ -ኤ የሚለውን አውጣ። ካልሆነ የምትፈልገውን ፕሮሰስ ቁጥር ከዝርዝሩ ወስደህ ኪል በለው።

ከስታዲየም፦ እኔ ሁሌም ፒኪል -9 ነው የምለው። አንድም ቀን ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

መላሽ፦ ያልገጠመህ የሚጠፋ ዳታ ስለሌለህ ነው። ፒኪል ለፕሮሰሱ ሲግናል፣ ማለትም ባለ ቁጥር መልእክት፣ ይልካል፤ ቁጥር ካልሰጠኸው የሚልከው 15ን ነው። ያን ፕሮግራሙ ይሰማዋል፤ ለዚያ ተደርጎ ከተጻፈ የጀመረውን ጽፎ፣ ፋይሉን ዘግቶ ይወጣል። 9 ግን ለፕሮግራሙ አይደርሰውም፣ የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ራሱ ያጠፋዋል። መብራት እንደ መሄድ ነው። 15 ላክ፣ ጥቂት ሴኮንድ ጠብቅ፣ እንቢ ካለ ብቻ 9።

ከለገሀር፦ እኛ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነን፣ ዊንዶውስ። ዎርድ ስታክ ሲያደርግስ?

መላሽ፦ ታስክኪል /አይኤም ዊንዎርድ.ኢኤክስኢ በሉ። እንዲሁ ከሆነ እንዲዘጋ ይጠይቀዋል። /ኤፍ ካከላችሁ በግድ ነው፤ ሴቭ ያልተደረገው ይሄዳል። ዊንዶውስ ላይ ከዚህ በላይ አልገባም።

ከአራት ኪሎ፦ ምንድነው ይሄ ሁሉ ጣጣ፣ ሪስታርት አድርጉት!

ከለገሀር፦ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ሪስታርት?

ከአራት ኪሎ፦ ቆይ፣ እናንተ ፒያሳ የነበራችሁት አይደላችሁም? ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ የት ገቡ እያልኩ ነበር።

ከለገሀር፦ ነን! ከድሮው ባቡር ጣቢያ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፣ ብቅ በሉ።

መላሽ፦ ቡናውን በኋላ ተቀጣጠሩ። ቀጣይ።

ከብሔራዊ፦ ጋሼ፣ ፒግሬፕ ግኖም-ተርሚናል-ሰርቨር ስል ምንም አይመጣም። ፕሮሰሶችን በሚዘረዝረው በፒኤስ ላይ ግን በዓይኔ እያየሁት ነው። ላብድ ነው!

መላሽ፦ እሰይ! ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ያመሸሁት። የሊኑክስ ከርነል ለፕሮሰስ ስም የሚይዘው ቦታ 16 ባይት ነው። አንዱ ባይት ለመዝጊያ ይሄዳል፣ የሚቀርሽ 15 ፊደል ነው። ከዚያ የረዘመ ስም ይቆረጣል። በላቲን ቁጠሪው፤ ከ"ተርሚናል" ቀጥሎ ያለው ሰረዝ ላይ 15 ይሞላል። "ሰርቨር" የሚለው እንዳለ ወድቋል። ታዲያ የሌለውን ከየት ያምጣልሽ? ፒኤስ ያሳየሽ የትእዛዙን መስመር ነው፤ እሱ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። አዳዲሶቹ ፒግሬፖች ከ15 ሲያልፍ ያስጠነቅቃሉ፣ -ኤፍ ሞክሪ ይላሉ። የድሮዎቹ ዝም ነው።

ይሄ ቀልድ አይደለም። "ፒግሬፕ አላገኘም፣ ስለዚህ ቆሟል" የሚል ስክሪፕት የሚጽፍ ሁሉ በዚህ ይሸወዳል። የሁለት ሰርቪሶች (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ስም እስከ 15ኛው ፊደል ከተመሳሰለ ደግሞ ለፒኪል አንድ ናቸው፣ ያለ -ኤፍ አይለያቸውም። ስም ስታወጡ አሳጥሩ!

ከሜክሲኮ፦ ኪልኦል አይሻልም? ሙሉ ስሙ ካልገጠመ አይነካም።

ከስታዲየም፦ ፒኪልም በ-ኤክስ ያንኑ ያደርጋል።

ከሜክሲኮ፦ -ኤክስን ማን ያስታውሳል?

መላሽ፦ ሊኑክስ ላይ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሶላሪስ በሚባለው የዩኒክስ ሲስተም ላይ ግን ኪልኦል ስም አይጠይቅም፤ ያለውን ሁሉ ያቆማል። ማሽን ሲዘጋ የሚጠራ ትእዛዝ ነው። ፒኪል ራሱ የመጣው በሶላሪስ 7 ነው፣ በፈረንጆቹ 1998።

ከሜክሲኮ፦ ሶላሪስ ዛሬ ማን ጋ አለ?

መላሽ፦ አሮጌ ሰርቨር የወረሰ ሰው ጋ።

አዲስ ገቢ፦ ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ሆኗል። ምን ልግደል?

መላሽ፦ እኔ ምን አውቄ? ቶፕ በል፣ ሲፒዩውን የያዘውን እይ፣ ስሙን ይዘህ ና።

አዲስ ገቢ፦ ዝም ብዬ -9 ብለውስ?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።

ከቸርችል፦ 9 ልኬበት የማይሞት አለ። ገድዬው የሚመለስም አለ።

መላሽ፦ የሚመለሰውን ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ እያስነሳው ይሆናል። ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ብለህ የሰርቪሱን ስም ስጠው። የማይሞተውን በፒኤስ ሁኔታውን እይ። ዜድ ካለ ቀድሞ ሞቷል፤ ወላጁ ስላላነሳው ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ ወላጁን አስቁም። ዲ ካለ ዲስክ ወይም የኔትወርክ ፎልደር እየጠበቀ ነው። የሚጠብቀው እስኪመጣ 9ም አይሠራበትም።

ከአራት ኪሎ፦ ሊኑክስ ለመማር የት ይሻላል?

መላሽ፦ ሌላ ቀን።

ከሰንጋ ተራ፦ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ አንድ ሪፖርት ተሰቅሎ ሰው ሁሉ ቆሟል። ፒኪል -9 ፖስትግሬስ ልበል?

መላሽ፦ እጅሽን ከኪቦርዱ አንሺ! ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተከፈተው ግንኙነት የራሱ ፕሮሰስ አለው፣ ስማቸው ደግሞ አንድ ነው። አንዱን እንኳ በ9 ብትገድይው ዋናው ፕሮሰስ እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል፤ ሌሎቹንም አባርሮ ሪከቨሪ (ራሱን ወደ ትክክለኛ ሁኔታ መመለስ) ውስጥ ይገባል። ሁሉንም በ9 ካልሽ ዋናውም ይሄዳል።

ከሰንጋ ተራ፦ እሺ፣ ምን ላድርግ? አለቃዬ ጀርባዬ ላይ ቆሟል።

መላሽ፦ ዳታቤዙ ውስጥ ግቢና ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲን እይ፤ የትኛው እንደቆየ ከነቁጥሩ ያሳይሻል። ያን ቁጥር ለፒጂ_ካንስል_ባክኤንድ ስጪው። ሪፖርቱ ብቻ ይቆማል፣ ግንኙነቱ ይቀራል። እንቢ ካለ ፒጂ_ተርሚኔት_ባክኤንድ።

ከሰንጋ ተራ፦ በካንስሉ ቆመ! ሰውም መግባት ጀመረ።