ሞላው ደከመ ወይስ እጃችን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ በሱሉልታ ዳርቻ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ሟቹ አጎቴ ከብዙ ዓመታት በፊት ከውጭ ያመጡትን ዌብሊ ሲኒየር የተባለ ባለ ሞላ የአየር ሽጉጥ ወርሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጓሮዬ የቆርቆሮ አጥር ላይ ወረቀት እየለጠፍኩ በ10 እርምጃ ርቀት ዒላማ እተኩሳለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ጥይቶቹ አልሰበሰብ ብለውኛል፤ ኃይሉም የቀነሰ ይመስለኛል። የስፌት መኪና ዘይት ባንጠባጥብበት እንደ እውነተኛ መሣሪያ ጮኾ ጭስ ተፋ። አንድ የጋራዥ ባለሙያ ደግሞ «ሞላው ስለደከመ ጠንከር ያለ እናስገባለት» ይለኛል። ልስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ። የባለሙያውን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የመኪና ሞላ ክብደት ለመሸከም የተሠራ ሲሆን፣ የእርስዎ ሽጉጥ ሞላ ሥራው አየር መጭመቅ ብቻ ነው። አፈሙዙን ወደ ላይ ከፍተው ወደፊት ሲገፉት ፒስተኑ አብሮ ይሳባል፣ ሞላውም ይታመቃል፤ ምላጩ ሲሳብ ፒስተኑ ይለቀቅና በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ጨምቆ ወደ አፈሙዙ ይሰደዋል። ስለዚህ ጥይቱን የሚገፋው ሞላው ሳይሆን አየሩ ነው፤ አየሩ ደግሞ በእናንተ ሰፈር ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የሱሉልታ ሜዳ ከዚያም ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላብን ባቄላ ለማብሰል የምንቸገረው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ያውቃሉ። በርሚንግሃም ውስጥ የተሠራ ሽጉጥ በእንጦጦ ማዶ ሲተኮስ ሲሊንደሩ የሚሞላው በዚህ ስስ አየር ነውና፣ ኃይሉ ጥቂት ቢቀንስ አይደንቅም። ፒስተኑን በመጨረሻው ላይ የሚያለዝበው ይኸው የተጨመቀ አየር ስለሆነም፣ ጠንካራ ሞላ ቢያስገቡ ፒስተኑ ብረት ለብረት እየተጋጨ ሽጉጡን ያንቀጠቅጠዋል፤ ጥይቱን ከማፍጠን ይልቅ የወረሱትን ዕቃ ያደቅቀዋል። ያለ ጥይት መተኮስም የሚከለከለው ለዚህ ነው።

ስለ ጭሱ፦ አየር በድንገት ሲጨመቅ ይግላል፤ ፒስተኑ ፊት የተጠራቀመ ዘይት ካገኘም ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሣበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለው ፍንዳታ ሞላውንና ፒስተኑን ስለሚጎዳ ዘይቱን ያቁሙ። የቆዳ ጓርኒሲዮን በፒስተናቸው ላይ ያላቸው አሮጌ ሽጉጦች ቆዳው እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ጠብታ ዘይት ይፈልጋሉ፤ የእርስዎ ሲኒየር ግን በፒስተኑ ላይ ያለው የነሐስ ቀለበት ነውና ያን ምክር አይውሰዱ።

ኃይል የቀነሰበትን ምክንያት ለማግኘት ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት አንድ ርካሽ ሙከራ ያድርጉ። አፈሙዙ ከሲሊንደሩ ጋር በሚገጥምበት ከኋላ በኩል አየሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፣ ዙሪያውንም ትንሽ ጓርኒሲዮን ይከበዋል። ጥይት አጉርሰው ስስ የሶፍት ወረቀት በመጋጠሚያው ላይ አድርጉና ዒላማው ላይ ተኩሱ፤ ወረቀቱ ከተርገበገበ አየሩ እዚያ እያመለጠ ነው፤ እሱን መለወጥ ሞላ ከመለወጥ ይቀድማል። የጥይቱንም መጠን ያረጋግጡ፤ ሲኒየር ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ4.5 እና በ5.5 ሚሊሜትር ተሠርቷል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፦ ጥይቶችዎ የተበታተኑት በሞላው ብቻ አይመስለኝም። በውጅግራና በምንሽር የሚፎከረው አልሞ ተኳሽ እንኳ የባለ ሞላን ጠባይ ሳያውቅ ቢተኩስ ይሳሳት ነበር። ከምላጩ መሳብ አንሥቶ ጥይቱ ከአፈሙዝ እስኪወጣ ድረስ ፒስተኑ መንገድ አለበት፤ በዚያ ጊዜ ሽጉጡ ይንቀሳቀሳል። በዌብሊ ፒስተኑ ወደ እጅዎ አቅጣጫ ስለሚንደረደር ሽጉጡ መጀመሪያ ወደፊት ይሳባል፤ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ወደ ኋላ ይመታል። ይህን መንቀጥቀጥ በጉልበት ልንገታው አንችልም፤ የምንችለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው። አንዱን ጊዜ አጥብቀው ቀጣዩን አላልተው ከያዙ ጥይቱም አንዱን ጊዜ ላይ፣ ሌላውን ጊዜ ታች ይሄዳል። ረጋ ያለ እጅን እንደመጨበጥ ያህል ይያዙት፤ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አያሳርፉት፤ ጥይቱ ከወጣ በኋላም ሽጉጡን ወዲያው ሳያወርዱ በልብዎ ሁለት ይቁጠሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ዓይን ነው። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 20 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የፊተኛው በ1 ሚሊሜትር ብቻ ከተዛነፈ በ10 ሜትር ላይ ጥይቱ 5 ሴንቲሜትር ይስታል። በዓለም አቀፉ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር የዐሥር ነጥብ ክበብ ስፋቱ 11.5 ሚሊሜትር ነው፤ ከአምስት ሳንቲም የብረት ገንዘብ ያነሰ ማለት ነው። ዓይን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ አጥርቶ ስለሚያይ፣ የሚጠራው የፊት ማነጣጠሪያው ይሁን፤ ወረቀቱ ይደብዝዝ። ለጀማሪ ይህ እንግዳ ነው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ አላመንኩትም ነበር። በዕድሜ ምክንያት የፊት ማነጣጠሪያው ከደበዘዘብዎ ለክንድ ርቀት የሚሆን መነጽር እንዲያዝልዎ የዓይን ሐኪምዎን ያማክሩ። ርቀቱንም በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ይለኩት፤ የጡረተኛ እርምጃ ቅዳሜ በቅዳሜ ይለያያል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ፦ ቆርቆሮ አጥር ላይ አይተኩሱ። የእርሳስ ጥይት ከጠንካራ ነገር ነጥሮ ወደ ዓይን ይመለሳል፤ የሳተው ደግሞ አጥሩ ያበቃበት ቦታ አልፎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ከኋላው ግንብ ወይም የአፈር ክምር ባለበት ስፍራ፣ በአሮጌ ጨርቅ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሞላ ጥልቅ ሣጥን ያቁሙ፤ መከላከያ መነጽርም ያድርጉ። ቆሎ እየቆረጠሙ መተኮስ የሚያስደስት ቢሆንም እርሳስ መርዝ ነውና እጅዎን ሳይታጠቡ ምንም አይቅመሱ። ከሩቅ ያየዎ ጎረቤት ከእውነተኛ ሽጉጥ ስለማይለየው ጎረቤቶችዎን አስቀድመው ይንገሩ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሥራ ላይ ስላለ፣ የወረሱት ዕቃ በእርሱ እንዴት እንደሚታይ ፖሊስ ዘንድ ቀርበው ይጠይቁ፤ መልሱን እስኪያገኙም ሽጉጡን ከቤት አያውጡት።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ወንድም ዲያና ሞዴል 6 የተባለ ሽጉጥ አለው። ሲተኮስ ምንም አይንቀሳቀስም። ባለ ሞላ ከሆነ ይህ እንዴት ይሆናል? ከገላን።

መልስ፦ በውስጡ አንድ ሳይሆን ሁለት ፒስተኖች አሉ፤ ጀርባ ለጀርባ ሆነው በጥርስ የተያያዙ ናቸው። የፊተኛው አየር ሲጨምቅ የኋለኛው በተቃራኒው አቅጣጫ እኩል ይንደረደራል፤ የአንዱ ግፊት የሌላውን ያጠፋል። በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው ፋይንቨርክባው 65 ደግሞ ሌላ ዘዴ መርጧል፦ አፈሙዙና ሲሊንደሩ በመያዣው ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፤ እጅ ግን አይሰማውም። የወንድማችሁን ሽጉጥ ለመፍታት ግን አትፍቀዱ፤ ሁለቱ ፒስተኖች በጥርሱ ላይ ልካቸውን ሳይጠብቁ ከተገጠሙ ሽጉጡ ከአጎታችን ዌብሊ የባሰ ይረግጣል።