ዝናብ ሲጥል የሚጠፋ ሚኒ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ለንደን የሚኖሩ አንባቢያችን ሚኒ 1000 የምትባለው ትንሿ የእንግሊዝ መኪና፣ የ1979 ሥሪት፣ አላቸው። ደረቅ አየር ላይ ምንም አይለውም። ዝናብ ሲጥል፣ በተለይ ለንደንን በሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ ኤም 25 ላይ፣ ከከባድ መኪና ኋላ ሲሆኑ፣ ሞተሩ መጀመሪያ ሚስ ያደርጋል፣ ማለትም እየተርገፈገፈ ይሠራል፤ ቀጥሎ ድፍን ብሎ ይጠፋል። ዳር ይዘው ሩብ ሰዓት ያህል ከጠበቁ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። እስካሁን ካርቡራተሩ ታድሷል፣ የቤንዚን ፓምፑ ተቀይሯል፣ የእሳቱን ጊዜ የሚወስነው ፑንቲና ወጥቶ በቦታው ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ገብቶለታል። አሁንም ይጠፋል። «ቀጥሎ ምን ልቀይር?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አይቀይሩ። የጻፉልን ምልክት ራሱ በሽታውን ይናገራል። ውሃ ሲነካው ጠፍቶ፣ የራሱ ሙቀት ሲያደርቀው የሚነሳ ሞተር ያጣው ቤንዚን ሳይሆን እሳት ነው። ያውም እሳቱ የሚጠፋው ቮልቱን ከፍ ከሚያደርገው ኮይል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታውን እስከሚሰጠው ካንዴላ ባለው፣ ከፍተኛ ቮልት በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽኑን የገጠመልዎት ሰው ክፉ ሥራ አልሠራም፣ ይቀመጥ፤ ነገር ግን ያ ዕቃ የሚተካው ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን ብቻ ነው። እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተር ቆብ፣ ከቆቡ ሥር የሚዞረው ሮተር፣ እሳቱን የሚያደርሱት ካቦዎች ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ውሃው የሚያገኘውም እነሱን ነው።

ይህ ችግር ከሚኒ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አሌክ ኢሲጎኒስ በ1959 ለገበያ የወጣችውን መኪና 3 ሜትር ከምትሆን ርዝመት ውስጥ አራት ሰው ለማስቀመጥ ሲል ሞተሩን አግድም አዞረው፤ ማርሹን ከሥሩ ዘይቱ ውስጥ አስገባው፤ ራዲያተሩን ደግሞ ወደ ግራ ጎን ገፋው። ለሙከራ በተሠሩት መኪናዎች ላይ ካርቡራተሩ ወደ ፊት፣ ዲስትሪቢዩተሩ ወደ ኋላ ነበር። ምርት ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ ተገለበጠና ዲስትሪቢዩተሩና አራቱ ካንዴላዎች ከግሪሉ (ከመኪናው ፊት ካለው የአየር ማስገቢያ ፍርግርግ) ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ያው ቤተሰብ ሞተር ሞሪስ ማይነር በተባለችው ሌላ የእንግሊዝ መኪና ላይ በቁመት ስለተቀመጠና ራዲያተሩ ከፊቱ ስለሚከልለው ይህን ያህል አይቸገርም። ሚኒ ላይ ግን በግሪሉና በዲስትሪቢዩተሩ መካከል ያለው አየር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ዝናብ ላይ መንገድ ዳር ሲቀሩ ፋብሪካው መከለያ መጨመር ግድ ሆነበት። ከ1996 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት ባለ ኢንጄክሽን ሚኒዎች ዲስትሪቢዩተር የላቸውም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እነሱን አይመለከትም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያሳልፍም። ከከባድ መኪና ጎማ ሥር ተረጭቶ የሚመጣው ግን የአስፋልት ጭቃ፣ ዘይትና በክረምት በረዶ እንዳይጋገር የሚበተነውን ጨው ይዞ ነው። ይህ ቆቡና ካቦው ላይ ይደርቅና ስስ ቆሻሻ ሆኖ ይለጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ያለው ኃይል ካንዴላው ክፍተት ላይ ከመዝለል ይልቅ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ በቆሻሻው ላይ ሮጦ ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ብረት፣ ይሄዳል። ስለዚህ ግማሹ ጥገና ጽዳት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት የሚያሳስት አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የካርቡራተር በረዶ። አየሩ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ጉም ወይም ካፊያ ሲኖር ካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ እርጥበት ይጋገራል። ምልክቱ ይለያል። ሞተሩ ቀስ በቀስ ጉልበት ያጣል፣ ፔዳሉን ሲለቁ ይጠፋል፣ ዝናብ ባይኖርም ይመጣል። ኩሬ ረግጠው በሰከንዶች ውስጥ ከጠፋ ግን በረዶ አይደለም። ለማንኛውም የአየር ማጣሪያውን ቤት ይመልከቱ። አፉ የክረምትና የበጋ አቀማመጥ አለው፤ በብርዱ ወራት ወደ ጭስ መውጫው ማኒፎልድ ተጠግቶ የሞቀ አየር መሳብ አለበት። ብዙ መኪና ላይ ዓመቱን ሙሉ በበጋው ቦታ ተረስቶ ይገኛል።

አሁን ፍተሻው። የሚያስፈልግዎት ጨለማና አበባ ውሃ የሚረጭበት ጠርሙስ ነው። ሲመሽ ውጭ ያቁሙ፤ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አያድርጉት፤ የጭሱ ጋዝ ይገድላል። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን አስነስተው ያሙቁት፤ በአቅራቢያው ያለውን መብራት ያጥፉ። መጀመሪያ ሳይረጩ ዝም ብለው ይመልከቱ። ያረጀ ካቦ በደረቁም ቢሆን ብሎኩን በሚነካበት ቦታ ላይ ሰማያዊ ጭረት ያሳያል፤ ጠጋ ሲሉም ጠት ጠት የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ውሃውን እንደ ጉም አድርገው በየተራ ይርጩ፤ የመጀመሪያው ካንዴላ ላይ፣ ጥቂት ጠብቀው ሁለተኛው ላይ፣ ከዚያ ካቦዎቹ ላይ፣ ከዚያ ቆቡ ላይ፣ በመጨረሻ የኮይሉ አንገት ላይ። ብልጭታው የሚፈነጥቅበት፣ ሞተሩም የሚርገፈገፍበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ሁሉንም ባንዴ ካረጠቡ ምንም አይማሩም። ሞተሩ እየሠራ ካቦ በእጅ አይያዙ። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ደግሞ ይህን ፍተሻ ለሌላ ሰው ይተው። ስሎ ላይ (ጋዝ ሳይሰጡ) ችግር ካላሳየ ጋዝ ሰጥተው በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ያድርሱት፤ ሞተሩ ሲጫን ካንዴላው የሚፈልገው ቮልት ይጨምራል፤ ዳገት ላይ ሚስ የሚብሰውም ለዚሁ ነው።

ጥፋተኛው ታወቀም አልታወቀም፣ ቁልፉን አጥፍተው ቆቡን ያውርዱ። ሁለት የብረት መቆለፊያ ብቻ ነው የያዘው፤ በካቻቢቴ ጫፍ ይፈነቀላሉ። ካቦዎቹን ግን ምልክት ሳያደርጉ አይንቀሉ። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፤ ሮተሩ የሚዞረው ወደ ግራ፣ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ነው፤ አንደኛው ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው። ካቦ ሲነቅሉ ጫፉ ላይ ያለውን የጎማ ሽፋን ይያዙ እንጂ ገመዱን አይጎትቱ፤ የካርቦን ካቦ ውስጡ ተበጥሶ ከውጭ ደህና ይመስላል።

የቆቡን ውስጥ በባትሪ መብራት፣ ጎን ለጎን እያዘነበሉ ይመልከቱ። የሚፈልጉት ከአንዱ የነሐስ ጫፍ ወደ ሌላው ወይም ወደ ቆቡ ጠርዝ የሚወርድ፣ እንደ እርሳስ ጭረት ቀጭን የሆነ፣ ጫፉ ላይ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ጥቁር መስመር ነው። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ተቃጥሎ ካርቦን ሆኖ ነው። በጨርቅ አይለቅም፣ ተፍቆም አይድንም። መስመሩን ካዩ ቆቡን ይጣሉት። መስመር ከሌለ በሞቀ የሳሙና ውሃ አጥበው እስከ መጨረሻው ያድርቁት፣ ወይም በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉት። መሃል ላይ ያለችው የካርቦን ብሩሽ በስፕሪንጓ ላይ ገባ ወጣ ማለት አለባት። ነሐሱ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት በቢላ ጫፍ ቀስ አድርገው ያንሱ፤ አይሞርዱት፤ ክፍተቱ ይሰፋል። ካቦውን በሹል ብሎን ወግቶ የሚይዝ የቆየ ዓይነት ቆብ ከሆነ የብሎኑ ቀዳዳ ውሃ መግቢያ ነው፤ እኔ ብሆን ተገፍቶ በሚገባው እቀይረዋለሁ።

ሮተሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሁን በርካሽ የሚሸጡ ሮተሮች የነሐሱን ምላስ በሪቬት የያዙ ናቸው፤ ሪቬቱ ከታች ወዳለው ዘንግ በጣም ስለሚቀርብ ኃይሉ በፕላስቲኩ ውስጥ በስቶ ወደ ማሳ ያልፋል። አዲስ ተገጥሞም ከጥቂት ጊዜ በኋላ መኪናውን ያቆማል። ሪቬት የሌለውን ይጠይቁ፤ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ፓውንድ ነው። ሮተሩን ሲያወርዱ ከሥሩ ዘንጉ አናት ላይ ላለችው ጨርቅ ሁለት ሦስት ጠብታ የሞተር ዘይት ይስጧት፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ።

ካቦዎቹን የኤሌክትሪክ መቋቋምን በሚለካው ኦም ሜትር ይለኩ። የካርቦን ካቦ እንደ ርዝመቱ ጥቂት ሺህ ኦም ያሳያል፤ ዋናው ነገር እርስ በርስ መመጣጠናቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ከሆነ ወይም ጭራሽ ካላነበበ አምስቱንም በአንድ ላይ ይቀይሩ። ካንዴላዎቹንም ያውጡ፤ ክፍተታቸው 0.65 ሚሊሜትር ይሁን። ነጩ ሸክላ ላይ ጥቁር መስመር ወይም ስንጥቅ ካለ በዚያም በኩል በዝናብ ጊዜ እሳቱ ያመልጣል። ኮይሉን አንገቱ ላይ ያጽዱ፤ ስንጥቅ ካለው ዕድሜው አልቋል። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ስለገባልዎት የኮይሉን ሁለት ትንንሽ ተርሚናሎች ሽቦ ነቅለው ይለኩ። 3 ኦም ገደማ ካለ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ኮይል ነው፤ 1.5 ገደማ ካለ ባላስት (ኃይሉን የሚቀንስለት ሬዚስተር) የሚፈልግ ነው። ያለ ባላስት በቀጥታ ከታሰረ ይግላል፤ የኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽኑን ሞጁልም ሊያቃጥል ይችላል። የገጠመልዎት ሰው ይህን ሳይለካ አልቀረም ብለን እናስብ፤ ግን ይለኩት። የወጣውን ፑንቲናና ኮንደንሰርም አይጣሉ፤ መኪናው ውስጥ ያስቀምጧቸው። ሞጁሉ መንገድ ላይ ቢሞት በ0.38 ሚሊሜትር ክፍተት አስረው ቤትዎ ይገባሉ።

ሲመልሱ ከእያንዳንዱ ጎማ ውስጠኛ ከንፈር ላይ፣ በካንዴላውም በቆቡም በኩል፣ ስስ የሲሊኮን ግሪዝ ይቀቡ። ተራ ግሪዝ አይሆንም፤ ጎማውን ያበሰብሳል። ካቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይተኙ፣ ብሎኩንም እንዳይነኩ ማበጠሪያ በሚመስለው የፕላስቲክ መያዣቸው ይለያዩዋቸው።

ከዚህ በኋላ መከለያው። በእርስዎ ዘመን ሚኒ ላይ ዲስትሪቢዩተሩን ከፊት የሚሸፍን የፕላስቲክ ጋሻ ነበረ። ለሥራ ስለማይመች አንዱ መካኒክ አውልቆት፣ ሳይመልሰው ቀርቶ ይሆናል፤ በጣም የተለመደ ነው። የሚኒ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አላቸው፤ ርካሽ ነው፤ ይግዙ። እስኪመጣ ድረስ ደግሞ እንግሊዞች ለዘመናት የሚጠቀሙበት መላ አለ፤ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት። ጓንት አምስት ጣት አለው፤ ዲስትሪቢዩተሩም አምስት ካቦ፤ አራት ለካንዴላ፣ አንድ ለኮይል። የጣቶቹን ጫፍ ከካቦው ውፍረት ጠበብ አድርገው ይቁረጡ፤ ካቦዎቹን አንድ በአንድ ከውስጥ ያሳልፉ፤ የጓንቱን እጅጌ በቆቡ ላይ ወደ ታች ይጎትቱት። ጣቶቹን በፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩ፤ ከታች ግን ጥርቅም አድርገው አይዝጉት። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለት፤ አለዚያ ውስጡ ላብ ይይዝና በጠራ ቀንም አልነሳም ይላል። ዘይት ሲነካው ስለሚላሽቅ ሰርቪስ ባደረጉ ቁጥር ይቀይሩት።

ግሪሉን በሙሉ በካርቶን መሸፈን የሚመክሩ አሉ። ራዲያተሩ ጎን ላይ ቢሆንም የሚነፋው አየር የሚገባው በግሪሉ ነው፤ ብርድ ላይ በከፊል መሸፈን ይቻላል፤ ሐምሌ ላይ ትራፊክ ውስጥ ግን ውሃው ይፈላል። እኔ በዲስትሪቢዩተሩ ትክክል ያለውን ክፍል ብቻ ነው የምሸፍነው።

መንገድ ላይ ከጠፋብዎት ወዲያው ቁልፉን ያጥፉ፤ ሞተሪኖውን እያስጮኹ ባትሪ አይጨርሱ። ኤም 25 ላይ ከሆኑ ደግሞ ኮፈን አይክፈቱ፤ ከመኪናው በግራ በር ወጥተው ከብረት አጥሩ ጀርባ ሆነው እርዳታ ይጥሩ። ደህና ቦታ ከሆኑ ቆቡን አውርደው ውስጡን፣ ሮተሩን፣ የኮይሉን አንገት በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ውሃ የሚያባርር ስፕሬይ፣ ለምሳሌ ደብሊው ዲ 40፣ ከውጭ መርጨት ይቻላል። ቆቡ ውስጥ ከረጩ ግን ተኖ እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይገጥሙ ይጠብቁ። ተኑ ይቀጣጠላል፤ ብልጭታው ደግሞ እዚያው ውስጥ ስለሆነ ቆቡ ሊፈነዳ ይችላል። ስፕሬዩ ቤት ለመድረስ ነው፤ ለሳምንት አይበቃም፤ ቅሪቱም አቧራ ይይዛል።

ሁሉንም ሠርተው ሲጨርሱ በጨለማ ያንኑ የውሃ ፍተሻ ይድገሙ። ብልጭታ ካላዩና ሞተሩ ካልተርገፈገፈ ተፈትቷል። ብልጭታ ሳይኖር አሁንም ዝናብ ላይ ከጠፋ የቀረው ዝቅተኛ ቮልት ያለበት በኩል ነው፤ ከሞጁሉ የሚወጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች የዲስትሪቢዩተሩን አካል የሚያልፉበትን ቀዳዳ ይመልከቱ። እዚያ ላይ ያለችው ጎማ ከሌለች ብረቱ የሽቦውን ልባስ ይበላዋል፤ ውሃ ሲገባ ደግሞ ሽቦው ከማሳ ጋር ይገናኛል።