«ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ የሞተ ሰው አለ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ41 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 118 ኪሎ ነው። ስኳር ከያዘኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ ብሎኛል። ማታ ሳንኮራፋ ትንፋሼ ቁርጥ እያለ እንደሚመለስ ይነግሩኛል። አዲስ አበባ ሄጄ ተመርምሬ፣ ስሊቭ የሚሉት ጨጓራን የማሳነስ ኦፕራሲዮን እንዲሠራልኝ ግንቦት ላይ ተቀጥሬያለሁ። አንድ ወር ቀረው። ችግሩ ጎረቤት ሰማ። ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ የሞተ ሰው አለ። አንዷ «የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ከማደንዘዣው ሳትነቃ ቀረች» ትላለች። ሌላዋ «ፀጉሯ ረግፎ በሻሽ ቀረች» ትላለች። ደግሞ «ሦስት ዓመት ሳይሞላት ተመልሳ ወፈረች፣ ብሯን በላት» የምትል አለች። አማቴ «ጸበል እያለ ሆድ መቆረጥ ምን የሚሉት ነው» አሉኝ። ባለቤቴ ዝም ብሏል። እንቅልፍ አጣሁ። ልሰርዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ የጤነኛ ሰው ፍርሃት ነው። ሆዴን ሊነኩት ነው ሲባል ያልፈራ ሰው ቢመጣ እኔ እሱን ነው የምጠራጠረው። እኔ ራሴ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ የተጋደምኩ ዕለት፣ ለበሽተኞቼ ስደረድር የኖርኩት ቁጥር ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ትዝ ያለኝ በልጅነቴ የሰማሁት አንድ ወሬ ነበር። ወሬ እንዲህ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ ይበረታል።

የጎረቤቶችዎን ወሬ ውሸት ነው አልልዎትም። ጎዶሎ ነው። ተሠርታ ደህና የሆነች ሴት ቡና ላይ ርዕስ አትሆንም። እንዲያውም ብዙዎቹ መሠራታቸውን አይናገሩም። «እንጀራ ቀነስኩ፣ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ» ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው የሞተችውና የተጎዳችው ታሪክ ብቻ ነው። እሱም በሦስት ሰው አፍ አልፎ።

መምህርት ነዎትና ደብተር ይያዙ። ወሬ ሲመጣ አይከራከሩ። በግራ በኩል ወሬውን ይጻፉ። ከሥሩ የጎደለውን ይጠይቁ፦ መቼ ነው የተሠራችው? የትኛው ዓይነት ኦፕራሲዮን ነው? ሌላ ምን በሽታ ነበረባት? ከወጣች በኋላ ክትትል ነበራት? የቀኙን ገጽ ለቀዶ ሐኪምዎ ባዶ ይተዉለት። ዱሮ ሆድ በረጅሙ ተከፍቶ የሚሠራው ዛሬ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ ነው የሚሠራው። ጨጓራ ላይ ቀለበት የማሰር ሥራ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ችግሩም ሌላ ነው። የሃያ ዓመት ወሬና የእርስዎ የግንቦት ቀጠሮ ላይገናኙ ይችላሉ። የሌሊቱን የስልክ ቪዲዮ ደግሞ ይተዉት። እሱ ማለቂያ የለውም።

አሁን ወደ ወሬዎቹ እንግባ። «ሳትነቃ ቀረች» የሚለውን አስቀድማለሁ፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ነውና።

ልምድ ባለው ቡድን እጅ፣ በዚህ ኦፕራሲዮን በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሚሞተው በግምት ከ1,000 ሰው አንድ ነው። ሐሞት ከረጢት ከማስወጣት ብዙም የራቀ አይደለም። ዜሮ ግን አይደለም፤ ዜሮ ነው የሚልዎትን አይመኑ። ሰው ሲሞትም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ማደንዘዣው አይደለም። እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ወይም የተሰፋው ጨጓራ ያፈሳል። ሁለቱም መከላከያና ቶሎ ከተያዙ ሕክምና አላቸው። ደም እንዳይረጋ መርፌ ይሰጣል። በዚያው ቀን ከአልጋ ተነሥተው እንዲራመዱ ይደረጋል። ሲያስነሱዎት «ጨካኞች» እንዳይሏቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ቡና ላይ ማንም ያላነሣው ነገር ነው፤ ማንኮራፋትዎ። ትንፋሽ ቁርጥ እያለ የሚመለስ ከሆነ የእንቅልፍ የትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር ሳይታወቅ ማደንዘዣና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሲጨመርበት ነው አደጋ የሚያመጣው። ከታወቀ ግን የማደንዘዣ ባለሙያው ተዘጋጅቶ ይገባል። ሲፓፕ የሚባለው፣ ማታ በጭንብል አየር የሚገፋው መሣሪያም ሊታዘዝልዎት ይችላል። ለቀዶ ሐኪሙ ይህን ነግረውታል? ካልነገሩት ነገ ይደውሉ። ለእኔ በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው መስመር ያ ነው።

ሌላም ቡና ላይ የማይነሣ ነገር አለ። ባለመሠራትም አደጋ አለ። በ118 ኪሎ፣ ከስድስት ዓመት ስኳር ጋር ባሉበት መቆየት ከአደጋ ነፃ ቦታ አይደለም። ስዊድን ውስጥ በ1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተጀመረና ከ4,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። ወደ 11 ዓመት ገደማ ሲደርስ፣ ከተሠሩት መካከል የሞቱት ካልተሠሩት በ29 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ያኔ የተሠራው ኦፕራሲዮን የዛሬው ስሊቭ አይደለም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ፀጉር? እውነት ነው፣ ይረግፋል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር አካባቢ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። ፕሮቲንና ብረት ከጎደለ ይብሳል።

«ተመልሳ ወፈረች» የሚለው ግን ረጋ ብለን ልናየው ይገባል፤ ግማሹ እውነት ነው። ስሊቭ ላይ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ይወጣል። ሰው በአማካይ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ይቀንሳል። እርስዎ ዘንድ ሲሰላ ወደ 30 ኪሎ ነው፤ 88 አካባቢ ይሆናሉ ማለት ነው። ቀጭን አይሆኑም! የሠርግ ፎቶዎን እያዩ ከገቡ ያዝናሉ። ጉልበትዎን፣ ስኳርዎንና እንቅልፍዎን እያዩ ከገቡ ግን 30 ኪሎ ትልቅ ነገር ነው። ክብደት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ወርዶ ይቆማል። ከዚያ ብዙ ሰው ላይ ጥቂት ኪሎ ይመለሳል። ሁሉም የሚመለስባቸውም አሉ። ትንሽ ጨጓራ ትሪ ሙሉ እንጀራ አያስበላም፤ ለስላሳ መጠጥን፣ ስኳር የበዛበትን ሻይና ጠላን ግን አያግድም። ፈሳሽ ሾልኮ ያልፋል። የአገራችሁ አረቄ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይብሳል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልኮል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፣ ቶሎ ያሰክራል። ሱስ የሆነባቸው ሰዎችም አሉ።

አማትዎን አይጋፏቸው። ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ መሄድ ከፈለጉ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይሂዱ። ልብ ይረጋል፤ የረጋ ልብ ደግሞ ለኦፕራሲዮን ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። አንደኛ፣ የስኳር መድኃኒትዎን እዚያ ሆነው እንዳያቋርጡ። ሁለተኛ፣ ከተሠሩ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጸበል በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ አይቻልም። አዲሱ ጨጓራ በትንሽ በትንሹ፣ ጉንጭ ጉንጭ ነው የሚቀበለው። ጆግ ሙሉ መጠጣትና ማስመለስ ስፌቱን ያስጨንቀዋል። አማትዎ ጸበሉን ቤት ድረስ ቢያመጡልዎት በትንሿ ሲኒ ይቅመሱት፤ መጠመቁ ቁስሉ እስኪድን ይቆይ። ይህን ለአማትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። ሳይነግሯቸው ቀርተው በኋላ «አልጠጣም» ቢሏቸው ክህደት ይመስላቸዋል።

ጾሙንም ከአሁኑ ያስቡት። ግንቦት ላይ ከተሠሩ ገና ፈሳሽና ልም ምግብ ላይ እያሉ የሰኔ ጾም ይገባል። ከዚያ ፍልሰታ አለ። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። ባቄላና ምስር በሞላበት አገር ይኖራሉ፣ እውነት ነው። ግን በጥቂት ማንኪያ የሚሞላ ሆድ በሽሮ ብቻ እዚያ አይደርስም። እንቁላል፣ እርጎና ወተት ይፈልጋል። ከንስሐ አባትዎ ጋር አሁን ይነጋገሩ፤ ሲደክሙ አይደለም።

ጎረቤቶችዎ ያልነገሩዎትን፣ እኔ ግን እንዲፈሩት የምፈልገውን ልንገርዎት። ርቀት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጨጓራ ስፌት ካፈሰሰ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፣ ቤት ከገቡ በኋላ። ሁለት ሦስት ቀን ተኝተው ከወጡ በኋላ በማግሥቱ መኪና ተሳፍረው ባይመለሱ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ይህን ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የምታነብ እህት ካለች ለእሷ ደግሞ ግዴታ ነው እላለሁ። ሕንድ ወይም ቱርክ ሄዶ ተሠርቶ በሳምንቱ ለሚመለስም ያው ነው፦ ቢያምህ ማን ያይሃል?

ቪታሚኑም አለ። የዕድሜ ልክ ነው። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቪታሚን ዲ። በቋሚነት የት እንደሚያገኙት፣ በዓመት ስንት ብር እንደሚፈጅ አስቀድመው ያስሉ። ለጉልበትዎ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን የሚውጡ ከሆነ በምን እንደሚተኩት ይጠይቁ። ቃር ካለብዎት ይናገሩ፤ ስሊቭ ቃርን ሊያብስ ይችላል፣ ባይፓስ የሚባለው፣ ምግብ አብዛኛውን ጨጓራ ዘሎ ወደ አንጀት እንዲገባ የሚያደርገው ሌላ ዓይነት ኦፕራሲዮን የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ካልተደረገልዎት ያስደርጉ፤ እኛ አገር እጅግ የተለመደ ነው። እርግዝናም ቢሆን በ41 ዓመት የማይሆን አይደለም። ክብደት ሲቀንስ እንዲያውም የመጸነስ ዕድል ይጨምራል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 12 እስከ 18 ወራት እርግዝናን መከላከል ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ዘመድ «ይቺን እንኳ ቅመሽ፣ ከእንግዲህ አትበዪ» እያለ የስንብት ግብዣ እንዳይደግስልዎት። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ይቀነሳል። ጉበት እንዲሟሽሽና ለሐኪሙ ቦታ እንዲለቅ ነው። በእነዚያ ቀናት የስኳር መድኃኒትዎ መጠን መስተካከል አለበት። አለበለዚያ ስኳሩ ወርዶ ይጥልዎታል።

ልሰርዘው ወይ ላሉኝ፣ ዛሬ አይሰርዙት። ደብተሩን ይዘው ሄደው የቀኙን ገጽ ያስሞሉ። ስንት ሰው እንደሠራ ይጠይቁት። ቢያፈስ ምን እንደሚያደርግ፣ ሌሊት ቢያምዎት ማን ስልክ እንደሚያነሣ ይጠይቁት። ደህና ሐኪም ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም። ከተቆጣ ወይም «አታስቢ» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ ያኔ ይሰርዙና ሌላ ሐኪም ይፈልጉ። አንድ ወር ሁለት ወር ማራዘምም ነውር የለውም። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ወይም ከዚህ ቀደም ድባቴ ከነበረብዎት ይህንንም ይንገሩት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስሜታቸው የሚወርድባቸው ሰዎች አሉ፤ ቀድሞ የታወቀ ይሻላል።

ባለቤትዎ ዝም ብሏል ብለውኛል። እኔ እንደማየው ዝም የሚል ባል ብዙ ጊዜ የፈራ ባል ነው። «ምን ታስባለህ» ብለው አያስጨንቁት፤ ሥራ ይስጡት። ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ አብሮ ይግባ። የልብ ምት በጣት መቁጠርን ነርሷ ታሳየው። እረፍት ላይ ሆነው ምትዎ በደቂቃ ከ120 ካለፈ፣ ካተኮስዎት፣ የሆድ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ግራ ትከሻዎን ከወጋዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ አንድ እግርዎ ካበጠ፣ ወይም ውሃ እንኳ አልረጋ ካለ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ይወስድዎታል። የሐኪሙን ቁጥር በእሱ ስልክ ያስመዝግቡት። እርስዎ ያን ጊዜ «ይተወኝ፣ ያልፋል» ማለትዎ አይቀርምና።