መልስ፦ በተራ ስኬትቦርድ ስላሎም (በተደረደሩ ኮኖች መሀል እየተጠማዘዙ መንዳት) መጀመር ይቻላል ወይ?

ይቻላል። ቦርዱን እንዳለ ተወው፣ ጎማውን ቀይር። እንዳልከው ኮን መሀል ስትገባ ወደ ጎን እያንሸራተተ ያስቸገረህ የጎማው ጥንካሬ ነው እንጂ እንጨቱ ምንም አላጠፋም፣ አዲስ ቦርድ መግዛት አያስፈልግህም። ያንተ ለመዝለያ የሚሆነው 99ኤ አካባቢ ያለው ነው (ኤ የጎማ ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ይጠነክራል)። ለስላሎም ከ78ኤ እስከ 85ኤ፣ ዲያሜትሩ ከ60 እስከ 65 ሚሊሜትር የሆነ ለስላሳ ጎማ ፈልግ። ጠጠሩ ፈጦ የወጣ አስፋልት ላይማ በጠንካራ ጎማ ጭራሽ አይሞከርም።

ቀጥሎ ትራኩ፣ ማለትም ጎማዎቹን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘው ብረት። የፊተኛውን ትልቁን ዳዶ ላላ፣ የኋላውን ጠበቅ አድርግ። ሁለቱንም እኩል ብታላላ ፍጥነት ሲጨምር ኋላው ይወዛወዝና ከቁጥጥርህ ይወጣል። ዳዶውን በአንዴ አትፍታው፣ ሩብ ዙር እያዞርክ እየነዳህ ሞክረው።

ለኮን ብር አታውጣ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ነፋስ እንዳይጥለው ትንሽ ውሃ ጨምርና በ2 ሜትር ርቀት ደርድር፣ ስትለምድ ርቀቱን ታሳጥረዋለህ። በሃይላንዱ ፋንታ ድንጋይ ግን እንዳታስቀምጥ።

አንድ ነገር አደራ። ትልቅ ጎማ ስትገጥም በትራኩና በእንጨቱ መሀል ወፈር ያለ ላስቲክ አስገባ፣ ብሎኑንም ረዘም ያለ ግዛ። አለበለዚያ ስትታጠፍ ጎማው እንጨቱን ይነካና ቦርዱ ቀጥ ይላል፣ አንተ ግን አትቆምም። የሰፈራችን ልጆች ክፉኛ ሲወድቁ ያየሁት በዚህ ነው። ከመውጣትህ በፊት ቦርዱ ላይ ቆመህ ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው አጋድል፤ ከስር የጎማ ጭረት ካየህ ላስቲኩ አልበቃም ማለት ነው፣ ጨምርበት።