«ባለበት ሁኔታ ብለህ ፈርመሃል» ተባልኩ፤ ያልተሠራው ሪኮልስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ዓምና ከአንድ ያገለገሉ መኪኖች ሻጭ የ2011 ሞዴል የሆነ የጀርመን ሥሪት የቅንጦት ሴዳን ገዛሁ። ከፊሉን በእጄ ከፍዬ ቀሪው ሻጩ ባመቻቸልኝ ብድር ነው። ከመግዛቴ በፊት ሪኮል (አምራቹ የደኅንነት ጉድለትን በነጻ ለመጠገን የሚያወጣው ጥሪ) አለበት ወይ ብዬ በቴክስት ጠይቄው «የለበትም፣ ራሴ ቼክ አድርጌዋለሁ» ብሎ መልሶልኛል። በቅርቡ በቪን ቁጥሩ (በመኪናው መለያ ቁጥር) ስፈልግ ግን ያልተሠራ የኤርባግ ሪኮል እንዳለበት አየሁ። ከዚያ ሌላ ሃይዌይ ላይ እየነዳሁ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል። የዚሁ ሞዴል ባለቤቶች በዚህ ችግር ብዙ አቤቱታ አቅርበዋል፤ ሪኮል ግን አልወጣለትም። ሻጩ «ባለበት ሁኔታ ብለህ ፈርመሃል»፣ ማለትም ያለ ዋስትና እንዳለ ገዝተኸዋል፣ ከማለት ሌላ መልስ የለውም። የብድሩን ክፍያ ላቁም? ወይስ ለሌላ ሰው ሸጬው ልገላገል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የፈረሙት ወረቀት ሻጩ የሚለውን ያህል ኃይል የለውም። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ኤርባጉ ልናገር፤ እሱ የገንዘብ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዚያ ዘመን በተሠሩ እጅግ ብዙ መኪኖች ውስጥ የተገጠመው የታካታ ኩባንያ ኤርባግ ነው፤ የእርስዎም ሪኮል በዚሁ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ኤርባጉን በሚነፋው ክፍል ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ግጭት ሲደርስ ከልክ በላይ ይፈነዳና የያዘውን ብረት ሰባብሮ ስብርባሪውን ፊትና አንገት ላይ ይረጨዋል። በአሜሪካ ብቻ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። መኪናው ባረጀ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቢኤምደብሊው ከ2000 እስከ 2006 ሞዴል የሆኑ ወደ 90,000 የሚጠጉ መኪኖች ኤርባጋቸው እስኪቀየር ድረስ ጭራሽ እንዳይነዱ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ የመኪናዎን ብራንድ ወደሚሸጠው ዲለር (የአምራቹ ወኪል ሻጭ) ዛሬውኑ ደውለው ቪኑን ይስጡና «አይነዳ» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዳለበት ይጠይቁ። ካለበት ቁልፉን አያንሡ፤ አምራቹ አስጎትቶ እንዲወስደው ይጠይቁ። በእንዲህ ዓይነት ሪኮል ብዙ አምራቾች ይህንን ያለ ክፍያ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ መብትዎ። የሪኮል መብት የሚከተለው መኪናውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥቶ በኋላ የተሻሻለው የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ አምራቹን ጉድለቱን በነጻ እንዲያስተካክል ያስገድደዋል፤ እርስዎ ሁለተኛም ይሁኑ አምስተኛ ባለቤት፣ ከማንም ይግዙት ለውጥ የለውም። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ደግሞ በእርስዎና በሻጩ መካከል የተደረገ ውል ነው። አምራቹ በዚያ ውል ውስጥ የለም፣ ሊጠቀምበትም አይችልም።

ስለ ዕድሜው ሥጋት ሊገባዎት ይችላል፤ ሕጉ 15 ዓመት የሚል ገደብ አለውና። ብዙ ሰው ይህን ገደብ አሳስቶ ይቆጥረዋል። የሚቆጠረው መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ የሪኮሉ ማስታወቂያ እስከ ወጣበት ቀን ነው፤ እርስዎ ወደ ጋራዥ እስከሚወስዱበት ቀን አይደለም። ማስታወቂያው የወጣው መኪናው የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ዕድሜ ሲኖረው ከሆነ የነጻ ጥገናው መብት ዛሬም አለ። የመንግሥቱ የቪን መፈለጊያ ግን ከ15 ዓመት ያለፋቸውን ሪኮሎች ላያሳይ ስለሚችል፣ በድረ ገጹ ብቻ ሳይወሰኑ ዲለሩንም ይጠይቁ። መኪናውን ካስረከቡ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ በአግባቡ ካልተጠገነ ሕጉ ይህንን ራሱን አምራቹ ለመዘግየቱ የመነሻ ማስረጃ አድርጎ ይቀበለዋል። በዚያን ጊዜ ተመጣጣኝ ምትክ መኪና ወይም የእርጅና ቅናሽ ተደርጎ ገንዘብ የመመለስ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። «ዕቃው የለም» ካሉዎት ቀን ያለበት ወረቀት ይስጡኝ ይበሉ። የቃል መልስ ይዘው አይመለሱ።

ሞተሩ መጥፋቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የበለጠ ትግል የሚጠይቀውም እሱ ነው። የባለቤቶች አቤቱታ ብዛት ብቻውን ሪኮል አይሆንም። ሪኮል የሚወጣው አምራቹ ራሱ ጉድለት አለ ብሎ ሲወስን፣ ወይም ናሽናል ሃይዌይ ትራፊክ ሴፍቲ አድሚኒስትሬሽን የተባለው መሥሪያ ቤት መርምሮ ሲያስገድደው ነው። መሥሪያ ቤቱ የእርስዎን ገንዘብ አያስመልስም፣ በግል ጉዳይዎም ጠበቃ አይሆንም። ነገር ግን ምርመራ የሚጀምረው እንደ እርስዎ ካሉ ሰዎች አቤቱታ ተነሥቶ ነው። «ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፣ የእኔ ምን ይጨምራል?» ብለው አይተዉት።

አቤቱታው ግን እንዴት ይጻፍ? «መኪናው አስቸገረኝ፣ ኩባንያው ሌባ ነው» የሚል አቤቱታ ለመርማሪ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ይጻፉ፦ በዚህ ቀን፣ መኪናው ይህን ያህል ማይል ሄዶ ሳለ፣ በ65 ማይል ፍጥነት በመሃለኛው ረድፍ ስነዳ ምንም የማስጠንቀቂያ መብራት ሳይበራ ሞተሩ ጠፋ፤ መሪው ከበደኝ፤ ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ጡሩምባ እየነፋ አለፈኝ፤ ዳር ይዤ ከቆምኩ በኋላ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ፤ መካኒኩ በኮምፒዩተር ያነበበው የስሕተት ኮድ ይኸውና። የመካኒኩን ወረቀት አያይዙ። የተቀየረ ዕቃ ካለም አይጣሉት፤ በፌስታል ቀን ጽፈው ያስቀምጡት። አቤቱታው ለሕዝብ ክፍት ቢሆንም የግል መረጃዎ ከውስጡ ወጥቶ ነው።

እዚያው የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አምራቹ ለዲለሮቹ የላካቸውን የቴክኒክ ማስታወቂያዎች ይፈልጉ። ይህ እንደ ሪኮል አይደለም፤ ጥገናውንም በነጻ አያደርገውም። ይሁን እንጂ አምራቹ «ይህ ሞዴል ሞተሩ ይጠፋል፣ ይህን ክፍል ቀይሩ» ብሎ ጽፎ ከተገኘ፣ ችግሩን ያውቅ ነበር ለሚለው ክርክርዎ ጠንካራ ማስረጃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ምርመራ እንዲከፍት ማንኛውም ሰው በጽሑፍ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻውን በ120 ቀን ውስጥ መቀበል ወይም መንፈግ ይጠበቅበታል። ዛሬ ከኪስዎ አውጥተው ያሠሩት ነገር ነገ ሪኮል ቢወጣለት ወጪዎን የሚያስመልሱበት ሥርዓት ስላለ ደረሰኙ እጅዎ ላይ ይቆይ።

ሻጩን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ። የፌዴራል ሕግ ሪኮል ያለበትን አዲስ መኪና መሸጥ ሲከለክል ያገለገለውን ግን አልከለከለም። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ ሊዘጋ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ «ሪኮል እያለበት ሸጠልኝ» የሚለው ክስ ለብቻው ደካማ ነው። የእርስዎ ጠንካራ ነጥብ ያ ቴክስት ነው። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ሻጩን ከዋስትና ሊያወጣው ይችል ይሆናል፤ ከውሸት ግን አያወጣውም። ጠይቀውታል፣ አረጋግጫለሁ ብሎ መልሷል፣ እርስዎም ያንን አምነው ገዝተዋል። ይህ በየስቴቱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የማታለል ክስ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ስቴቶችም ካሸነፉ የጠበቃዎን ወጪ ተከሳሹ ይሸፍናል። የቴክስቱን ስክሪንሾት ቀኑና ስልክ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው ያንሡ፣ ለራስዎም በኢሜይል ይላኩት። ስልክ ይጠፋል።

ሲገዙ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የገዢ መመሪያ ወረቀትም ይፈልጉ። በፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ ዲለር ይህንን መለጠፍ ግዴታው ነው፤ ወረቀቱም የውሉ አካል ነው። «ዋስትና አለው» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ ከሆነ ሻጩ በውሉ ላይ የጻፈው ተቃራኒ ነገር አይጠቅመውም። ሻጩ ራሱ ተዋዋይ የሆነበት የአገልግሎት ውል (በክፍያ የሚገዛ የጥገና ሽፋን) መኪናውን በሸጠልዎት በ90 ቀን ውስጥ ሸጦልዎት ከሆነም ሕግ የሚሰጠውን መሠረታዊ ዋስትና መካድ አይችልም። አንዳንድ ስቴቶች፣ ለምሳሌ ማሳቹሴትስና ኒው ዮርክ፣ ላገለገሉ መኪኖች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ዕድሜና ማይል ግን ይገድባሉ። ይርጋውን፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደቡን፣ አይርሱ። የዋስትና ክስ በአብዛኛው ስቴት መኪናውን ከተረከቡ በ4 ዓመት ያልቃል፤ የማታለሉ ደግሞ ከዚያ ሊያጥር ይችላል። ውሉ ውስጥ በግልግል ዳኝነት እንጂ በፍርድ ቤት አልከሰስም የሚል አንቀጽ ካለም ጠበቃዎ አስቀድሞ ይየው።

ክፍያውን አያቁሙ። ካቆሙ አበዳሪው መኪናውን ይወስድብዎታል፣ የብድር ታሪክዎም ይበላሻል፤ በሻጩ ላይ ያለዎት ጥሩ ክስ ከዚህ አያድንዎትም። ይልቅ ብድሩ በሻጩ በኩል የመጣ ስለሆነ በውሉ ውስጥ ገዢው በሻጩ ላይ ያለውን ክርክር በአበዳሪውም ላይ ማንሣት እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ ይፈልጉ። ካገኙት ስለ ማታለሉ ለአበዳሪው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ክፍያውን ግን በጠበቃ ምክር ካልሆነ አይንኩት።

መኪናውን ሸጠው ስለ መገላገል፣ አሁን ባለበት ሁኔታ አልመክርዎትም። የብድሩ ዕዳ ሳይከፈል የባለቤትነቱን ሰነድ ማዛወር አይችሉም። ከዚያ በላይ፣ ሞተሩ እንደሚጠፋ አሁን ያውቃሉ። ገዢው ጠይቆዎት «ምንም የለበትም» ካሉ ሻጩ በእርስዎ ላይ ያደረገውን በሌላ ሰው ላይ ማድረግዎ ነው፤ ሰው ቢጎዳም ጥያቄው ወደ እርስዎ ይመጣል። ኤርባጉን በነጻ ያሠሩ፣ ሞተሩን ያስመርምሩ። ከዚያ በኋላ ለመሸጥ ከወሰኑ የሪኮሉን ጥገና ወረቀትና የመካኒኩን ሪፖርት ለገዢው ሰጥተው፣ መቀበሉን አስፈርመው ይሽጡ።